በብርድ ከተማ የሚፈላ ሞተር፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸት እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይጠገናል?

በጥር ወር ማለዳ መንትዮቹ ከተሞች ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በነጭ እንፋሎት ይዋጣሉ። እንዲሞቅ ተነሥቶ በየደጁ የቆመው መኪና ሁሉ ከጭስ ማውጫው እንደ ጉም የወፈረ ነጭ ጭስ ይተፋል። በአሽከርካሪዎች ዘንድ ደግሞ የቆየ አባባል አለ፤ መኪና ነጭ ጭስ ካወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ይባላል። ይህ ምልክት እንደወረደ ከተወሰደ በሚኒሶታ የበረዶ ወራት አንድም ጤነኛ መኪና አይገኝም።

ነገሩ ለቀልድ ይመች እንጂ ውጤቱ ቀልድ አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በታክሲና በዕቃ ማድረስ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ወይም አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ሌሊት ፈረቃ የሚነዱ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ መኪናው የቆመ ዕለት ገቢም ይቆማል። ጓርኒሲዮኑ ወይም በሌላ ስሙ ጋስኬቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚገዛ ዕቃ ነው። እርሱን ለመቀየር ግን የሞተሩ የላይኛው አካል በሙሉ መፈታት ስላለበት፣ የጥገናው ሂሳብ ከሺህ ዶላር ተሻግሮ ከአንድ አሮጌ መኪና ዋጋ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ውድ ነው፤ ጤነኛውን ቴስታታ መፍታትም፣ የታመመውን እያዩ መንዳትም።

ስሱ ሉህና የተሸከመው ኃላፊነት

የመኪና ሞተር በዋናነት ከሁለት ትላልቅ ክፍሎች የተገጠመ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ብሎክ አለ፤ ከላይ ደግሞ ቫልቮችንና ካንዴላዎችን የያዘው ቴስታታ ይደፋበታል። በሁለቱ መካከል የሚገባው ስስ ሉህ ጓርኒሲዮን ይባላል። ቃሎቹ ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡና በኢትዮጵያ ጋራዦች አፍ ውስጥ የኖሩ ናቸው።

ይህ ሉህ በአንድ ጊዜ ሦስት ባላንጣዎችን ለይቶ ያቆማል። በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ግፊቱም ከከባቢው አየር ከ50 እጥፍ ይበልጣል። ከሲሊንደሩ ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ በሚገኝ ቀዳዳ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በአንድ ባር ገደማ ግፊት ይዘዋወራል፤ በሌላ ቀዳዳ ደግሞ የሞተሩ ዘይት ያልፋል። ሉሁ በሲሊንደርና በውሃ መንገድ መካከል ከተበሳ ጋዙ ወደ ራዲያተር፣ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። በውሃና በዘይት መንገዶች መካከል ሲበሳ ሁለቱ ይደባለቃሉ። በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ከተቃጠለ ግን ውሃም ሳይጎድል፣ ዘይትም ሳይበላሽ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። አንዱ ብልሽት ይህን ያህል የተለያየ መልክ ስላለው ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት።

የሚፈታ ቴስታታ በብዙ ሰው እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ በቀረበው የፎርድ ሞዴል ቲ አማካኝነት ነው። ሴንት ፖልም የዚያ ታሪክ ተካፋይ ናት፤ በሚሲሲፒ ዳር የተሠራው የፎርድ መገጣጠሚያ በ1925 ሥራ ሲጀምር ሞዴል ቲን ይገጣጥም ነበር፤ የመጨረሻዋን መኪና ያወጣው በታኅሣሥ 2011 ነው። በዚያ ዘመን ጓርኒሲዮን በሁለት የመዳብ ሉሆች መካከል የተጠቀለለ አስቤስቶስ ነበር። ቴስታታውም ብሎኩም ከአንድ ዓይነት ብረት ስለሚሠሩ፣ ሲሞቁ አብረው ይለጠጣሉ፤ ሲበርዱ አብረው ይኮማተራሉ። የዛሬ ሞተሮች ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው የአሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.9 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ብሎክ የሚጨምረው ግን ከዚያ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ጓርኒሲዮኑ በዚህ መፋተግ መካከል ተጨፍልቆ የሚኖር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዛት የተለመደው ከበርካታ ስስ የአረብ ብረት ንጣፎች የሚሠራው ዓይነትም ይህን መፋተግ እንዲችል ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ ጓርኒሲዮን ያለ ምክንያት የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመው ቴስታታ ሉሁን እኩል መጫን ያቅተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጋዙ ቀጭን ቀዳዳ ፈልጎ ያገኛል። ገዳዩን ሳያገኙ ሟቹን ብቻ የቀየሩ ባለቤቶች በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ጋራዡ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ከንድፋቸው የመጣ ድክመት አላቸው። የሱባሩ 2.5 ሊትር ሞተር በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ በዚህ ችግር ስሙ ተነሥቷል፤ ከ2002 ጀምሮ በነበሩ የቶዮታ ካምሪ 2.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ሳይሆን ቴስታታውን የሚያስሩት ቡሎኖች ጥርስ ከአሉሚኒየሙ ብሎክ ውስጥ እየተነቀለ ይላላል። ሁለቱም በሚኒሶታ መንገዶች ላይ ዛሬም የሚታዩ መኪኖች ናቸው።

ብርድ እንዴት ሞተር ያፈላል?

ከአዲስ አበባ ለመጣ አሽከርካሪ የሞተር መፍላት የዳገትና የፀሐይ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የሞተር መደበኛ ሙቀት ደግሞ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ባቆመበት ቀን ሞተሩ ይንተከተካል። ሚኒያፖሊስ ዝቅ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ99 ዲግሪ ነው፤ ብርዱም ራዲያተሩን ያግዘዋል ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም በዚያው ብርድ ውስጥ ሞተር ይፈላል፤ መንገዱም የሚያስገርም ነው።

ውሃና ኤቲሊን ግላይኮል የተባለው አንቲፍሪዝ እኩል ሲደባለቁ ድብልቁ የሚረጋው ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ጥር 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሲመዘገብ ትክክለኛ ድብልቅ የያዙ መኪኖች ያንን ማለዳ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት አለፉት ማለት ነው። በሞቃቱ ወራት ፈሳሹ ሲጎድል ከቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመረ የነዳ ሰው ግን ድብልቁን ሳያውቅ አቅጥኖታል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ በአንዴ ድንጋይ አይሆንም፤ መጀመሪያ እንደ ተፈጨ በረዶ ይወፍራል።

መኪናው ሲነሣ ቴርሞስታቱ ዝግ ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ፈሳሹ ወደ ራዲያተሩ አይሄድም። በአውራ ጎዳና 94 ላይ በፍጥነት ሲነዳ የሚገጥመው ነፋስ በራዲያተሩ ውስጥ የቆመውን ፈሳሽ ያወፍረዋል። ሞተሩ 85 ወይም 90 ዲግሪ ደርሶ ቴርሞስታቱ ሲከፈት መንገዱ ተደፍኗል። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ይወጣል። ብዙ አሽከርካሪ በዚህ ጊዜ ዓይኑን አያምንም፤ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ቴስታታ የሚጣመመው በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ድብልቁ ፈጽሞ ከረጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ራዲያተርንም ብሎክንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ጥንቃቄም አይበጅም። ብርዱን ፈርቶ ንጹሕ አንቲፍሪዝ ብቻ የሚሞላ ሰው፣ ያልተበረዘ ኤቲሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደሚረጋ ማወቅ አለበት። መርዛማም ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ መሬት ላይ የፈሰሰውን ሕፃናትና የቤት እንስሳት እንዳይቀምሱት መጥረግ ያስፈልጋል።

የሚዋሹ ምልክቶችና የማይዋሹት

ወደ ነጩ ጭስ እንመለስ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። በሞቃት አገር ይህ እንፋሎት ሳይታይ ይበተናል፤ በሚኒሶታ ጥር ግን ከቱቦው እንደወጣ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተለውጦ ይታያል። ስለዚህ ጭሱ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሞተሩ ሞቆ ብዙ ከተነዳ በኋላ ከጎረቤት መኪኖች ጭስ ይልቅ ወፍሮ የሚቀጥል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለውና የፈሳሹ መጉደል የሚታከልበት ከሆነ ግን ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ዋሾ ምልክት በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት መሰል ዝቃጭ ነው። ብዙ ገጾችና ቪዲዮዎች ይህን እንደ ሞት ፍርድ ያቀርቡታል። ነገር ግን በብርድ ወራት አጭር መንገድ ብቻ የሚነዳ መኪና ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ፣ በውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት ሳይተን ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ከዘይት ጋር ይላቆጣል። ዝቃጩ በክዳኑ ላይ ብቻ ሆኖ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ፣ መኪናውን ለግማሽ ሰዓት ያህል በአውራ ጎዳና ነድቶ እንደገና ማየቱ ይበልጣል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት ከመሰለ፣ መጠኑም ከነበረው ከጨመረ ግን ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ ውሃ የገባበት ዘይት የሞተሩን ተሽከርካሪ አካላት ማለስለስ ይሳነዋል።

በብርድ አገር ቀድሞ የሚጮኸው ታማኝ ምልክት የመኪናው ማሞቂያ ነው። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ሥርዓት ሲገባ አየር በማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ይታቆራል። ያን ጊዜ መኪናው ሲነዳ ሙቅ አየር፣ መብራት ላይ ሲቆም ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ይህ መለዋወጥ ከፈሳሽ መጉደል ጋር ከመጣ ችላ የሚባል አይደለም። ማለዳ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ተንገጫግጮ የሚስተካከል ሞተርም፣ ሌሊቱን አንድ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ አንጠባጥቦ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከተነሣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ገና ሳይሞቅ፣ የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ደግሞ ያን ግፊት ያመጣው ሙቀት ሳይሆን ጋዝ ነው።

ከምልክት ቀጥሎ ልኬት ይመጣል፤ ቴስታታ ይፈታ የሚለውም ቃል ከልኬቱ በፊት ሊነገር አይገባም። የመጀመሪያው ምርመራ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ የሚደረግ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞ፣ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ አየር ይነፋል፤ ቀስቱ ከወረደና ከውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ካልታየ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። በዚህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የውሃ ፓምፕ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ሆኖ ይገኛል፤ ባለቤቱም ከትልቅ ወጪ ይድናል። የሞቀ ሞተር የራዲያተር ክዳን ግን ለማንኛውም ምርመራ ቢሆን አይከፈትም፤ ታፍኖ የቆየው ፈሳሽ ግፊቱ ሲለቀቅ በቅጽበት ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ሁለተኛው ምርመራ ኬሚስትሪ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ብርጭቆ ይቀመጥና ሞተሩ እየሠራ ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ብቻ በብርጭቆው ውስጥ እንዲያልፍ ይሳባል። በአየሩ ውስጥ ከቃጠሎ የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ፈሳሹ አሲዳማ ሆኖ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ርካሽና ፈጣን ምርመራ ነው፤ ይሁን እንጂ ጓርኒሲዮኑ የተበሳው በውሃና በዘይት መካከል ብቻ ከሆነ ቀለሙ ላይለወጥ ይችላል።

ሦስተኛው የሲሊንደሮቹን ግፊት አንድ በአንድ መለካት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው የጓርኒሲዮን ድልድይ ተቃጥሏል ተብሎ ይገመታል። ጥርጣሬ ካልጠፋ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይለቀቃል። በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ክርክሩ አበቃ። ዘይቱ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ ግላይኮል ይኖርበት እንደሆነ ማስመርመርም ይቻላል።

ቴስታታው ሲወርድ

ጥገናው የሰዓታት ሳይሆን የቀናት ሥራ ነው። ፈሳሹና ዘይቱ ይወርዳሉ፤ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ክፍሎች፣ የታይሚንግ ቤልቱ ወይም ሰንሰለቱ ይፈታሉ። የቴስታታው ቡሎኖች ከዳር ወደ መሐል በጥቂት በጥቂቱ ይላላሉ፤ ከመሐል ከተጀመረ ቴስታታው ይጣመማል።

የወረደው ጓርኒሲዮን ወዲያው መጣል የለበትም። ጥቁር የቃጠሎ መስመር የት እንዳለፈ፣ የትኛው ሲሊንደር ዙሪያው እንደተበላ ያሳያል። ከሌሎቹ ተለይቶ እንደታጠበ የሚያብረቀርቅ የፒስተን አናት ካለ እንፋሎት ያጸዳው ያ ሲሊንደር ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ጥገናዎች የሚከሽፉበት ደረጃ ይመጣል። በቴስታታው ገጽ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሰያፍ ይቀመጥና ከሥሩ ስስ የመለኪያ ቅጠል ይሞከራል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ቴስታታው ወደ ሬቲፊካ ተልኮ መላግ፣ ስንጥቅ እንዳለውም በግፊት መመርመር አለበት። ይህን ለመቆጠብ በዓይን ብቻ አይቶ አዲስ ሉህ ማልበስ ዋጋውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። የብሎኩን ገጽ በሚሽከረከር ሻካራ ዲስክ ማጽዳትም ፈጣን ይመስላል፤ የዲስኩ ብናኝ ግን ዘይት ውስጥ ገብቶ የኮሎውን ብሮንዚኖች ይፈጫል። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎችም በአየር መነፋት አለባቸው፤ ሥር የቀረ ፈሳሽ ቡሎኑ ሲጠብቅ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

በዘመናዊ ሞተሮች ብዙዎቹ የቴስታታ ቡሎኖች ሲጠብቁ ሆን ተብሎ እንዲለጠጡ የተሠሩ ስለሆኑ በአዲስ ይተካሉ። የሚጠብቁት ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ መጀመሪያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ፣ ቀጥሎ አምራቹ ባዘዘው ማዕዘን፣ ለምሳሌ 90 ዲግሪ ከዚያም ሌላ 90 ዲግሪ በማዞር ነው። በካምሪው ዓይነት ሞተር ጥርሱ ከተነቀለ ቀዳዳው ተቦርቡሮ የአረብ ብረት ጥርስ ሳይገባበት ጓርኒሲዮን መቀየር ከንቱ ድካም ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማራገቢያው፣ የውሃ ፓምፑና የራዲያተሩ ክዳን በዚሁ አጋጣሚ ይፈተሻሉ፤ ገዳዩ ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ይችላልና።

ዋጋው የከበደው ሰው በገበያ የሚሸጡትን ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሾች ይመለከታል። አብዛኞቹ ሶዲየም ሲሊኬት የተባለውን ማዕድን የያዙ ናቸው፤ በሙቀት ጠጥረው ጠባብ ቀዳዳን ለጊዜው ይዘጋሉ። ይሁንና የጓርኒሲዮኑን ቀዳዳ ከማሞቂያው ጠባብ ቱቦ ለይተው አያውቁም። ሊጣል የቀረበ መኪናን ለጥቂት ሳምንታት ለማስኬድ ካልሆነ፣ በጥር ወር ማሞቂያ የሌለው መኪና በሚኒያፖሊስ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይሞክረውም።

ሂሳቡን በተመለከተ የሚኒሶታ ሕግ ለደንበኛው ያቆመለት መብት አለ። ከጥገናው በፊት ጠይቆ የጽሑፍ ግምት ማግኘት ይችላል፤ ግምቱን ከተቀበለ በኋላ ጋራዡ ያለ ደንበኛው ፈቃድ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ ማስከፈል አይችልም። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱለትም አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል፤ ከእነርሱም መካከል ጓርኒሲዮኑና ቡሎኖቹ ይገኛሉ። በግምቱ ላይ የግፊት ምርመራው ውጤት፣ የቴስታታው መጣመም ስንት እንደተለካና የሬቲፊካው ዋጋ መስፈራቸውን ማየት ተገቢ ነው።

መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ የታቆረው አየር እስኪወጣ ድረስ በመጀመሪያው ሳምንት የፈሳሹ መጠን በየማለዳው፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይታያል፤ ጥቂት ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ሲሆን በየቀኑ መጉደሉ ግን ወደ ጋራዥ ያስመልሳል። ድብልቁ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚቋቋም የሚያሳየው ትንሽ መለኪያ በመለዋወጫ መደብሮች በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ጥቂት ጠብታ ከራዲያተሩ ይሳብና ይነበባል፤ በመስከረም መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ከመውረዱ በፊት፣ ንባቡ ከዜሮ በታች 37 አካባቢ መሆን አለበት።